ስሱና ወፍራሙ ጎማ

እሑድ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2007 ዓ.ም.

መኪናዋ ገባች። ከአዲስ አበባ ደብረ ታቦር ድረስ ራሴ ነድቼ አመጣኋት፤ ወገቤ የኔ አይመስለኝም። ቀይ፣ ሁለት በር፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ትንሽ የቀረው ስፖርት መኪና ናት። አባዱላ ሚኒባሴን ሸጬ ይህችን መግዛቴን የሰማ ሁሉ አበደ ብሎኛል። ይበል። እኔ አስቤበታለሁ። ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ባለው የሠርግ ወራት እዚህ ከተማ ሙሽራ የምትጭን ደህና መኪና የለችም፤ ሁሉም ከባሕር ዳር ነው የሚያስመጣው። ዕድሜዬን ሙሉ ወረታና ሐሙሲት ላይ ሰው ሳወርድ ሰው ስጭን ልኖር ነው?

እናቴ ወጥታ ዞር ዞር ብላ አየቻትና ሌሎቹ በሮች የት ሄዱ አለችኝ። ድሮም ሁለት ብቻ ናቸው ስላት ከንፈሯን መጠጠች። እናቴ ፈንታነሽ ከንፈሯን ከመጠጠች ነገሩ አልጣማትም ማለት ነው።

ሻጩ ሁለት ዓይነት ጎማ ነው የሰጠኝ። አሁን የተገጠመላት አሥራ ሰባት ቁጥር የአሉሚኒየም ቸርኬ ነው። ጎማው ሰፊ ነው፣ ግን ስስ ነው፤ በቸርኬውና በመሬቱ መካከል ያለው ላስቲክ ትንሽ ነው። ሌሎቹ አራቱ የኋላ ወንበር ላይ ተደራርበው መጡ። እነሱ አሥራ አምስት ቁጥር የብረት ቸርኬ ናቸው፤ ጎማቸው ወፍራም ነው። ሁለቱም የፋብሪካ ናቸው። በሩ ጎን የተለጠፈው ወረቀት ላይ ሁለቱም ተጽፈዋል፤ ሁለቱም ይፈቀዳሉ።

ፋብሪካው አንዱን መርጦ ቢሰጠኝ ምን ነበረበት?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ጎሚስታው አዲስዓለም ለዚህ አገር ድንጋይ ወፍራሞቹን ግጠም፣ ስሱ ጎማ አንድ ጉድጓድ ከገባ ቸርኬህ ይሰነጠቃል አለኝ። ልክ ነው። ቪዲዮ ቀራጩ ወርቁ ደግሞ የሠርግ መኪና የሚታየው በቸርኬው ነው፣ የብረት ቸርኬ ካደረግህማ ላዳ ቢከራዩ ይሻላቸዋል አለኝ። እሱም ልክ ነው። ሁለቱም ልክ መሆናቸው ነው እኔን የገደለኝ።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

ዛሬ ሽማግሌዎቼ ለቤዛዊት ሄዱ።

ቤዛዊት የሒሳብ መምህርት ናት። ሐሙሲት ታስተምር በነበረበት ጊዜ በየሳምንቱ ወደ ቤተሰቦቿ ስትመላለስ ጋቢና አጠገቤ ትቀመጥ ነበር። ሌላ ሰው ቀድሞ ከተቀመጠ ቀጣዩን መኪና ትጠብቃለች። እኔም ሳላያት አልነሳም ነበር፤ ረዳቴ ሰው ሞልቷል እያለ ሲጨቃጨቅ ሞተሩ ይሙቅ እለዋለሁ። አሁን ደብረ ታቦር ተዛውራለች። ባለፈው ክረምት ሽማግሌ ልላክ ወይ ስላት፣ «አባቴን ጠይቀው» አለችኝና መሬት መሬት አየች። ከዚያ በላይ የምትለው ነገር አልነበረም።

የሄዱት የኔታ ሀብተማርያምና ሁለት ጎረቤቶቻችን ናቸው። የኔታ ዳዊት ያስደገሙኝ መምህሬ ናቸው፤ ዛሬም እሳቸው ፊት ስቆም እጄን የት እንደማደርገው ይጠፋኛል። መኪናዋ አዲስዓለም ዘንድ ስለነበረች ከጋፋት ማዶ የቤዛዊት አባት አቶ ይሻው ቤት ድረስ በእግራቸው ሄዱ። ሲመለሱ የኔታ ፊታቸው በርቷል። አቶ ይሻው አስቀምጠው፣ አክብረው፣ እኛም እንመካከር፣ ኅዳር ሚካኤልን አሳልፋችሁ እሑድ፣ በጾሙ ዋዜማ ተመለሱ አሏቸው። የመጀመሪያ ቀን ልጁን እሰጣለሁ የሚል አባት የለም። የማይፈልግ ቢሆን ልጅቷ ገና ናት ብሎ ይሸኝ ነበር፤ ቀን ቆርጦ መስጠቱ ግን ደህና ምልክት ነው ብለው አስረዱኝ። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቁኝ። በቀጠሮው ቀን ሽማግሌ ከቀረ ጥያቄውን ትቶታል ማለት ነው፤ ለልጅቷም ቤት ትልቅ ነውር ነው።

ደስ ብሎኛል። ኅዳር 14 ቀን ግን በእግራቸው አይሄዱም። በቀይዋ መኪና ነው የማደርሳቸው። አቶ ይሻው በራፋቸው ላይ ሲያዩዋት ምን እንደሚሉ እያሰብኩ ለብቻዬ እስቃለሁ።

የትኛው ጎማ እንደሚሻል ግን እስከዚያ መወሰን አለብኝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25

ቤዛዊት ከትምህርት ቤት ስትወጣ አዲስዓለም በር ላይ አገኘችኝ። ጎማዎቹን ደርድሬ አፍጥጬባቸው ነበር። ምን ሆነህ ነው ስትለኝ ቁጥሮቹን አሳየኋት። አንዱ ላይ 225/45 እና 17 ይላል፤ ሌላው ላይ 195/65 እና 15። እኔ ከዚህ ሁሉ የገባኝ የመጨረሻው ቁጥር ብቻ ነው።

ከቦርሳዋ ቾክ አወጣችና ሲሚንቶው ላይ ቁጢጥ ብላ ታሰላልኝ ጀመር። የፊተኛው ስፋቱ ነው፣ በሚሊሜትር። ሁለተኛው የላስቲኩ ቁመት የስፋቱ ስንት እጅ እንደሆነ ነው፣ በመቶኛ። የመጨረሻው የቸርኬው ነው፣ በኢንች። ሦስት ዓይነት መለኪያ በአንድ መስመር ላይ መጻፍ ምን የሚሉት ነገር ነው? እሷ ግን እንደ ጨዋታ ነው የሠራችው። መጨረሻ ላይ የሁለቱ ቁመት እኩል ወጣ። የትኛውም ቢገጠም መኪናዋ ከፍም ዝቅም አትልም፤ ልዩነቱ ቸርኬውን ከድንጋዩ የሚለየው ላስቲክ ብቻ ነው አለችኝ።

እና አንቺ ብትሆኚ የትኛውን ትመርጪያለሽ አልኳት። ቾኩን እጇ ላይ እያገላበጠች፣ እኔን ነው የምትጠይቀኝ አለችና ሳቀች። ሌላ ነገር እንድናገር የምትጠብቅ መሰለኝ። እኔ ስለ ፍሬኑ ነገርኳት፤ ትልቁ ቸርኬ ውስጥ ፍሬኑ ደህና አየር ያገኛል። ስትሄድ ሽማግሌዎቹ በእግራቸው ቢመጡ አባቴ ቅር አይለውም፣ መንገዱን አንተም ታውቀዋለህ አለችኝ። ጨዋ ልጅ ስለሆነች ነው። አታስቸግሩ ማለቷ ነው እንጂ መኪና የሚጠላ ማን አለ?

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ወፍራሞቹን አስገጠምኩ። አስቀያሚ ሆነች። ትልቅ ሰው የልጅ ጫማ ያደረገ ነው የምትመስለው። ወርቁ አይቷት ዝም አለ። ዝምታው ከስድብ ይብሳል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ነገ ሚካኤል ነው። ስሶቹ ተመለሱ። አዲስዓለም በዚህ አያያዝህ ቡሎኑን ትጨርሰዋለህ ብሎ ተቆጣኝ። ይቆጣ። ሽማግሌ የሚጫነው በክብር ነው። ቀስ ብዬ ከነዳሁ ምንም አይሆንም። ቀስ ብዬ እነዳለሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ከየት ልጀምር።

ከቅዳሴ በኋላ ሦስቱንም ቤቴ አበላኋቸው። የኔታን ከኋላ ማስገባት ራሱ አንድ ሥራ ነበር። የፊቱ ወንበር ታጥፎ፣ ጥምጣማቸው ጣሪያው እየነካ፣ ዣንጥላቸው መጀመሪያ ገብቶ፣ እሳቸው ጎንበስ ብለው በስንት መከራ። ስንወጣ አጥንቴን ቁጠርልኝ ይሉ ነበር ለጎረቤታችን። እየሳቅን ነው የተነሳነው። ከተማው ሁሉ ቆሞ አየን። ጋፋትን እስክናልፍ ድረስ ጥሩ ነበር።

ከዚያ በኋላ መንገዱ መንገድ አይደለም። ቀስ ብዬ እየነዳሁ ነበር፣ እምላለሁ። የፊት ቀኙ ጎማ አንድ ሹል ድንጋይ ነካና ፈነዳ። ወርጄ ሳየው ቸርኬውም ተሰንጥቋል። መጠባበቂያ ስኮርታ አልያዝኩም። የኋላ ወንበሩ ላይ ሽማግሌ ስላስቀመጥኩ ወፍራሞቹን አራቱንም አዲስዓለም ዘንድ ትቻቸዋለሁ።

አቶ ይሻው ቤት ከዚያ ሩቅ አይደለም፤ የግቢያቸው ባሕር ዛፍ ይታያል። የኔታ እንሂድ አሉ። እኔ እንዴት እንዲህ ይሆናል አልኩ። ከተበላሸ መኪና ወርደው፣ አቧራ ለብሰው፣ ምን ይባላል? አንዴ ይታገሱኝ፣ ጎማ ይዤ በፍጥነት እመለሳለሁ ብዬ ለመንኳቸው። የኔታ ትንሽ አዩኝና፣

«ልጄ፣ እኛ እኮ እግር አለን» አሉ።

እግራቸውን ይዤ ለመንኳቸው። እሺ አሉ። ሮጥኩ። የአዲስዓለም ቤት ተዘግቷል፤ እሱ ማኅበር ላይ ነው። ማኅበሩ ያለበትን ቤት እስካገኝ፣ እሱ ጠላውን እስኪጨርስ፣ ጎማውን በባጃጅ ጭነን እስክንመለስ ፀሐይ ጠልቃለች። አንደኛው ጎረቤታችን ከብቶቹ እንዳይጠፉበት ወደ ቤቱ ሄዷል። የኔታ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ዳዊታቸውን በቃላቸው ይላሉ። በጨለማ ልጅ ጥየቃ አይኬድም። ጎማውን ቀይሬ መኪናዋን አዞርኩ። ከአውድማ የሚመለሱ ገበሬዎች ቆመው ስናዞር አዩን።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ጾም ገባ። የኔታ ነገ ማለዳ በእግራችን ሄደን ይቅርታ እንጠይቅ ብለው ላኩብኝ። ቸርኬው ይሠራና በደንብ እንሂድ አልኩ። በተሰበረ መኪና ወሬ ይቅርታ መጠየቅ ያሳፍራል። አንድ ሳምንት ምን ያመጣል?

ረቡዕ፣ ኅዳር 24

ከአዲስ አበባ የላኩልኝ ቸርኬ የቡሎን ቀዳዳው አራት ነው። የኔ አምስት ነው። ስልክ ደውዬ ጮህኩ። የኔታ ዛሬም መጥተው ነበር፤ ስለ አምስቱና ስለ አራቱ ቀዳዳ አስረዳኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

እስከዚያ በወፍራሞቹ መሄድ ይቻላል። ግን ያን ዕለት በሚያብረቀርቅ ቸርኬ ታይቼ ዛሬ በብረት ቸርኬ ብደርስ ምን ይሉኛል? ደግሞ ጾም ነው። በጾም ሠርግ የለ፣ ምን ያስቸኩላል? ራሴን አዞረኝ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 5

ወረታ ደርሼ ለመመለስ በሚኒባስ ተሳፈርኩ። መኪናዋን ጎማ እስኪሟላ አቁሜያታለሁ። ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ያወራሉ። ያ ቀይ መኪና የገዛው ልጅ ሽማግሌ ጭኖ ልጅቷ ደጃፍ አጠገብ ከደረሰ በኋላ አዙሮ ተመለሰ አለች አንዷ። ሌላዋ፣ መኪና ሲገዛ ዓይኑ ከፍ ብሎ ነዋ አለች። የአቶ ይሻው ሚስት ከዚያ ወዲህ ገበያ መውጣት ትታለችም ተባለ።

ዞር ብዬ ልነግራቸው ፈለግሁ። ግን ከየት ይጀመራል? ከድንጋዩ? ከስኮርታው? ከማኅበሩ? እያሰብኩ እያለ እነሱ ወረዱ። ቆሽቴ አረረ። ዓይኑ ከፍ ብሎ ይሉኛል እኮ! እኔ ይሄን ሁሉ መከራ የማየው ለማን ብዬ ነው?

እሑድ፣ ታኅሣሥ 19፣ ገብርኤል

ቤዛዊትን ቤተ ክርስቲያን አጸድ ውስጥ አገኘኋት። ነጠላዋን ተከናንባ ከዛፍ ሥር ለብቻዋ ቆማ ነበር። ከስታለች። ሰላም አለችኝና፣

«ጎማው ተሠራ?» አለችኝ።

ደስ አለኝ፤ ስለ ጎማው ጠየቀችኝ ማለት አልተቀየመችም ማለት ነው። ሁሉንም ነገርኳት። ስለ አራቱ ቀዳዳና ስለ አምስቱ፣ ሁለተኛው ቸርኬ በዚህ ሳምንት እንደሚላክ፣ ጎማውም አዲስ እንደሚሆን። ሳታቋርጠኝ እስከ መጨረሻው ሰማች። ስጨርስ፣

«ሌላስ?» አለችኝ።

«ሌላ ምንም» አልኳት። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ሄደች።

ከዚያ ጀምሮ ሳወጣ ሳወርድ ዋልኩ። ሌላ ምን እንዲኖር ፈልጋ ነው? ስለ ጎማው ባላንስ ሳልነግራት ቀርቻለሁ፣ ግን እሱን አትጠይቅም።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 30

ቸርኬው ለገና ዋዜማ ደረሰ፤ አምስት ቀዳዳ ነው። ስሶቹ አራቱም ተገጠሙ፣ ባላንስ ተደረጉ። መኪናዋ መንገድ ላይ እንደ ቅቤ ትሄዳለች። ዛሬ ጠዋት ቀጥታ የኔታ ዘንድ ሄድኩና በቃ አሁን እንሂድ አልኳቸው።

ተቀመጥ አሉኝ። ተቀመጥኩ። በጾሙ ውስጥ ከአንበሳሜ ሽማግሌዎች ለቤዛዊት መጥተው ነበር፤ ከጋፋት ጀምሮ በእግራቸው፣ በዚያ ውርጭ፣ ሁለት ጊዜ። ልጁ ዮሴፍ ይባላል፣ የእህል ነጋዴ ነው። አቶ ይሻው የእኛን ሽማግሌዎች ጠብቀው ጠብቀው፣ ትላንት በገና ቀን ለአንበሳሜዎቹ ቃል ሰጡ። ልጅቷም ተጠይቃ እንደ ወደዳችሁ ብላለች።

ለምን አልነገሩኝም ብዬ ጮህኩባቸው። በየኔታ ላይ ጮህኩ። እሳቸው ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም።

«አንተ ዘንድ ሦስት ጊዜ መጣሁ» አሉኝ። «ሦስቱንም ጊዜ ስለ ቸርኬ ነገርከኝ።»

ዓርብ፣ ጥር 1

ምንም አልሠራሁም።

ረቡዕ፣ ጥር 6

ወርቁ ለአራት ሠርግ መኪናዋን አስያዘልኝ። ሁሉንም እሺ አልኩ። አንደኛው ጥር 24፣ ከዚህ ወደ አንበሳሜ ነው። ሙሽሪት ማን ናት ብዬ አልጠየቅሁም። አንበሳሜ ስንት ሰው ይዳራል፤ በዚያ ቀን የሚያገባ አንድ ሰው ብቻ ሊሆን አይችልም።

ማክሰኞ፣ ጥር 12

እሷ ናት።

ወርቁ ትናንት ታቦት ሸኝተን ስንመለስ ነገረኝ። ሽማግሌ መላኬን ያውቃል፤ መሬት መሬት እያየ ነው የነገረኝ። የዮሴፍ ቤተሰቦች ላንድክሩዘር አዘጋጅተው ነበር አለኝ። ቀይዋ መኪና ትሁን ያለችው ራሷ ናት።

ለምን? ልትቀጣኝ ነው? ወይስ ከተማው ሁሉ እኔ እንዳልተቀየምኩ እንዲያይ ፈልጋ ነው? ወይስ ከእኔ በስተቀር የሚያደርሳት ሰው አታምንም? እናቴ ተወው፣ ታምሜያለሁ በላቸው አለችኝ። ወርቁ የአንተ ፈንታ ነው አለኝ። አንዷ ቅር፣ አንዱ እንደ ፈለግህ፣ እኔ መካከል ላይ።

እወዳታለሁ። ይህን እዚህ ደብተር ላይ እንኳ ጽፌው አላውቅም። ስለ ጎማ ይሄን ሁሉ ገጽ ፈጅቼ ይህችን አንድ ቃል አለመጻፌን አሁን ወደ ኋላ ገልጬ አየሁ። ሆድ ባሰኝ፤ አለቀስኩ። ከዚያ ቃሌን ሰጥቻለሁና እሄዳለሁ ብዬ ወሰንኩ። የወሰንኩት አንድ ነገር ይሄ ብቻ ነው።

ሰኞ፣ ጥር 18

የትናንቱ ሠርግ በሰላም አለቀ። አስፋልት ለአስፋልት ስለነበረ ስሶቹ አንድ ነገር አልሆኑም። ሰው ሁሉ አድንቆ አልጠገበም።

ዛሬ ከሰዓት አዲስዓለም በር ላይ መኪናዋን ሳጥብ ቤዛዊት መጣች። እጇ ላይ ቀለበት አየሁ። እንኳን ደስ አለሽ ልላት ብዬ አፌ እንቢ አለኝ። እሷም አልጠበቀችም። መኪናዋን ዞራ አየችና፣

«እሑድ ስሶቹን አድርግ» አለችኝ።

ከጋፋት ማዶ ያለው መንገድ አሁንም ያው ነው፣ ከሐሙሲት እስከ አንበሳሜም የጠጠር ፒስታ ነው፣ ስሶቹ አይችሉትም አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች።

ከዚያ ቆመች። እኔ ጨርቁን እየጨመቅሁ ነበር። ትንሽ ከቆየች በኋላ ሄደች። ለቪዲዮው ይሆን? ቤዛዊት ለቪዲዮ የምትጨነቅ ልጅ አይደለችም። ሒሳብ አዋቂ ሆና መንገዱን እያወቀች ስሱን አድርግ ማለት ምን ማለት ነው?

ዓርብ፣ ጥር 22

መንገዱን ላየው ብዬ ከጋፋት ማዶ ድረስ ሄድኩ። መኪናዋን ከተማ ትቼ በእግሬ። ሹል ሹሉን ድንጋይ እያነሳሁ ወደ ዳር ጣልኩ። አንድ ገበሬ መንገድ ሥራ ጀመራችሁ ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ አዎ አልኩት። ሳላስበው የአቶ ይሻው አጥር ጋ ደረስኩ። በእግር ሲሄዱት አይደክምም፣ ቀላል መንገድ ነው። አቶ ይሻው አውድማ ላይ ጤፍ ያስወቃሉ። ድንኳን ተተክሏል። ቀና ብለው ሳያዩኝ ተመለስኩ። ቢያዩኝ ምን እላቸዋለሁ?

ቅዳሜ፣ ጥር 23

ወርቁ ስሶቹን አለ። ሙሽሪትም ስሶቹን ብላለች። አዲስዓለም ወፍራሞቹን። ሁለት ጊዜ አስገጠምኩ፣ ሁለት ጊዜ አስፈታሁ። አዲስዓለም ክሪኩን መሬት ላይ ወርውሮ ራስህ ግጠመው አለኝ። ራሴ ገጠምኩት።

ወፍራሞቹን። እኔ እየነዳሁ እሷ መንገድ ላይ እንዳትቀር። ሌላ የማደርግላት ነገር የለም፣ በሰላም ላድርሳት።

ሰኞ፣ ጥር 25፣ የነነዌ ጾም መጀመሪያ

ትናንት ምንም አልጻፍኩም። ዛሬ ልሞክር።

ሙሽራውን ዮሴፍን ከከተማ ጭኜ ወደ አቶ ይሻው ቤት ወጣን። የምጠላው ሰው ይሆናል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። አልሆነም። ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ከረባቱን ሲያላላ አይቼ መስኮቱን ከፈትኩለት። ድንጋዮቹን ስናልፍ ጎማው ደህና ነው፣ ምንም አልተሰማኝም አለኝ። አመስግኜዋለሁ።

ቤዛዊት በእልልታ መካከል ወጣች። ከመግባቷ በፊት ወደ ታች፣ ወደ ጎማው አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ። ለአፍታ ብቻ። ቬሎዋ የኋላ ወንበሩን ስለሞላው ዮሴፍ ጋቢና ከእኔ ጋር ተቀመጠ። በወረታ በኩል ወርደን ሐሙሲት እስክንደርስ ስለ ጤፍ ዋጋ አወራኝ፤ እኔም አዎ፣ አይ፣ እያልኩ ነዳሁ።

ሐሙሲት መታጠፊያው ላይ ወርቁ አስቆመን። ሙሽራውን ከሚዜዎቹ ጋር መንገድ ዳር ሊቀርጽ ነው። ሙሽሪትን በዚያ ቀሚስ ማውረድና መልሶ ማስገባት ስለማይሞከር መኪና ውስጥ ቀረች። ሞተሩን አጠፋሁ። ስፔኪዮው ላይ ዓይን ለዓይን ተያየን።

«ሽማግሌ ስታመጣ የሚፈነዳውን አደረግህ» አለችኝ። «ለሌላ ሰው ስታደርሰኝ የማይፈነዳውን።»

«ምንም እንዳትሆኚብኝ ብዬ ነው» አልኳት።

«ምንም አልሆንኩም» አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች።

ከዚያ በኋላ ዝም ብለን ተቀመጥን። ወርቁ ሚዜዎቹን አንዴ ያስሮጣል፣ አንዴ ያስጨፍራል፤ ረጅም ጊዜ ነበር። ዮሴፍ ተመልሶ ሲመጣ ሦስት ለስላሳ ይዞ ነው፤ አንዱን ለእኔ ሰጠኝ። ፒስታው ላይ አቧራ እንጂ ሌላ ነገር አላገኘንም። አንበሳሜ በእልልታ ተቀበሉን። አጎቱ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ እንዲህ ያለ ሹፌር አይቼ አላውቅም አለኝ።

ዛሬ ጠዋት አዲስዓለም ታርቆኝ መጣና ለቀጣዩ ሠርግ የትኞቹን ልግጠም ብሎ ጠየቀኝ። የፈለግኸውን አልኩት። ገርሞት አየኝ።

ከትናንት ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ እየደጋገምኩ አስባለሁ። እንዳለችኝ ስሶቹን ባደርግ ኖሮ ፒስታው ላይ አንዱ መፈንዳቱ አይቀርም ነበር። ዮሴፍና ሚዜዎቹ ጎማ ፍለጋ ወደ ሐሙሲት ይመለሱ ነበር። መንገድ ዳር ሁለታችን ብቻ እንቀር ነበር። ያኔ የግዴን አንድ ነገር መናገር ነበረብኝ። እወድሻለሁ፣ ሽማግሌዎቹን መልሼ መላክ ነበረብኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ካልሽ አሁንም አባትሽ እግር ላይ እወድቃለሁ እላት ነበር። ይህን ለማለት ግን ጎማ መፈንዳት አልነበረበትም። ሐሙሲት ላይ ሁለታችን ብቻ ቆመን ነበር።